«ወንድሜ ሊወጣ ነው… የት ይግባ?»

የዛሬዋ ባለታሪኬ ደብዳቤ አልላከችልኝም። እንደነገረችኝ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስቱንም ቀዳዋለች። በአራተኛው ስልክ ደወለችና «እትዬ፣ ይሄ በወረቀት የሚሆን ነገር አይደለም፤ በአካል ላግኝዎት» አለችኝ።

የተገናኘነው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። 23 ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ሰው አቤቱታውን በሚያስተይብበት አንድ ኮምፒዩተር ቤት ውስጥ ትሠራለች። «ጠዋት ማታ የሰው ክስና መልስ ስተይብ ነው የምውለው። የባልና ሚስቱን፣ የአከራይና ተከራዩን፣ ብድር የሚካካዱትን… የሰው ጉድ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። የራሴ ሲሆን ግን እጄ እምቢ አለ» አለችኝ። ማኪያቶዋ ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ አልነካችውም።

አስቀድማ ቃል አስገባችኝ። የእሷም፣ የወንድሟም፣ ከሁሉም በላይ የዚያች ሕፃን ስም እንዳይነሳ። እኔም ቃሌን ሰጠኋት። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ግቢው በየት በኩል ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ልደታ ነው፤ ይበቃል።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስድስት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይጣል ነው፣ እናቶች ሥራ ናቸው፣ ልጆች ቤት ይውላሉ። ወንድሟ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ልጅቷ 6። የጎረቤት ልጅ ናት። «እኛ ቤት ነው ዳዴ ብላ የተነሳችው» ትላለች ባለታሪኬ። የልጅቷ እናት ለሥራ ስትወጣ «አደራ እያት» ብላ ለእሱ ትታለት ትሄድ ነበር።

ዝርዝሩን አልጽፈውም፤ ለእናንተም አይጠቅማችሁም። አንድ ቀን የሆነ ነገር እንዳልነበረና ክረምቱን ሙሉ እንደተደጋገመ ግን ኋላ ላይ ታወቀ። የታወቀውም አንድ ጠዋት ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ «ከእሱ ጋ አልቀመጥም» ብላ ስላለቀሰች ነው።

በዚያው ማታ ግቢው ተቀወጠ። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ምን አሉ ሽማግሌዎቹ?» አልኳት።

«ምን ይላሉ! ልጅ ነው፣ አላዋቂ ነው፣ ጉርብትናችሁ አይፍረስ፣ የልጅቷም ስም ይጠፋል… ካሳ ተከፍሎ ይታለፍ አሉ። እማዬ እግራቸው ላይ ወደቀች። የልጅቷ እናት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልጇን እንዳቀፈች ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እኔ እሷን ሳይ ቆረጥኩ።»

ሽማግሌዎቹ ቡና እየጠጡ እያለ ባለታሪኬ የልጅቷን እናት እጇን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ጋንዲ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ቃሏንም ሰጠች።

«በገዛ ወንድምሽ ላይ?»

«እማዬም እንዲህ ነው የምትለው። ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ ግን በማንም ላይ አልሄድኩም እትዬ፤ ለልጅቷ ነው የሄድኩት።»

እዚህ ላይ ታሪኳን ላቋርጥ። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁም ሆነ በጎረቤታችሁ ከደረሰ፣ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ሐኪም ይቅደም። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም፣ ምክሩንም፣ የፖሊሱንም ጉዳይ በአንድ ቦታ ለመጨረስ የተቋቋመ ማዕከል አለ። ልብሷን አትጠቡ። ልጅቷን አክስት በመጣች፣ አጎት በመጣ ቁጥር «እስኪ ንገሪያቸው» እያላችሁ አታስደግሟት። እሺ፣ ወደ ታሪኩ።

ጉዳዩ በዝግ ችሎት ታየ። የወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ለሕዝብ በተዘጋ ችሎት እንዲታይ የሚያዘው ሕግ አዲስ አይደለም፤ ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። በልደታው ፍርድ ቤት ደግሞ ለሕፃናት ተስማሚ የሚባል ችሎት ተደራጅቷል። ተጎጂዋ ልጅ ዳኛው ፊት አትቆምም። ሌላ ክፍል ውስጥ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ተቀምጣ የምትናገረው በካሜራ ለችሎቱ ይታያል። «ያን ቀን እሷ አሻንጉሊት ይዛ ነበር» አለችኝ ባለታሪኬ። «እሱ ደግሞ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሁለቱም ልጆች ናቸው እኮ እትዬ! ሁለቱንም እኔ ነኝ ያዘልኳቸው።»

ሕጉ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዕድሜው 9 ያልሞላን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ግን ይጠየቃል፤ እንደ አዋቂ ግን አይቀጣም። ይህንኑ ጥፋት አዋቂ ቢፈጽመው፣ ተጎጂዋ 13 ዓመት ያልሞላት ስለሆነች፣ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። ለታዳጊው ግን ሕጉ «ቅጣት» ሳይሆን «እርምጃ» የሚላቸው አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ነው፤ ከ1 ዓመት የማያንስ፣ ከ5 ዓመት የማይበልጥ። ዳኛው ከመወሰኑ በፊትም የልጁን አስተዳደግ፣ ትምህርቱንና ጠባዩን ባለሙያ አጥንቶ እንዲያቀርብለት ማዘዝ ይችላል። ለባለታሪኬ ወንድም ሁለት ዓመት ተወሰነበት።

ልደታና የጠባይ ማረሚያ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች «ሪማንድ ሆም» የሚሉት የአዲስ አበባው ተቋም ታሪኩ ከ1930ዎቹ ይጀምራል። ኪስ አውላቂው፣ ከእንጀራ እናቱ ቤት የጠፋው፣ ሰው የደበደበው ሁሉ በዚያ አልፏል። ቀለም ይቆጠርበታል፣ የእጅ ሙያ ይለመድበታል፣ የምክር አገልግሎት ይሰጥበታል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ታዳጊ አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ቢያዝም፣ በየክልሉ ከአዋቂ እስረኛ ጋር በአንድ አጥር የከረሙ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚህ አንጻር ካያችሁት የልደታ ልጅ ዕድለኛ ነው።

ለማንኛውም፣ ልጁ ገባ። እህቱ በየሳምንቱ መጨረሻ ትጠይቀዋለች። እናቱም ትሄዳለች፤ ግን እናት ዳቦ ቆሎ ይዛ ሄዳ፣ አልቅሳ፣ «በርታ፣ ያልፋል» ብላ ትመለሳለች። ስለ ጥፋቱ አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። የምታነሳው እህቱ ነበረች።

«መጀመሪያ ምን ይልሽ ነበር?»

«ውሸቷን ነው ይለኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ። ቀጥሎ ጨዋታ ነው አለ። ከዚያ ደግሞ 'እሷም እኮ ዝም ብላለች' አለ። ይሄን ሲል ተነስቼ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት አልሄድኩም።»

ተቋሙ ውስጥ የመደቡለት አማካሪ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። በየሳምንቱ ያስጽፉታል። ስለዚያ ክረምት ብቻም አይደለም። ስለ አባቱ (አባት ጥሎ የሄደው ልጁ 4 ዓመቱ እያለ ነው)፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስልክ ላይ ስለሚያየው ነገር። የስልኩ ጉዳይ የወጣውም በዚሁ ነው። ገና በ11 ዓመቱ አንድ ትልቅ የአክስት ልጅ በቴሌግራም የመጣ አስነዋሪ ፊልም አሳይቶታል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ለብቻው ሲያይ ኖሯል። አንዴ እናቱ ይዛው በጉማሬ ገረፈችው፤ ስልኩን ቀማችው፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ያየው ነገር ምን እንደሆነ፣ ምኑ ሐሰት እንደሆነ፣ በሰው ገላ ላይ ምን እንደማይደረግ የነገረው ሰው የለም። ነውር ነዋ! ልጁ ግርፋቱን ረሳው፤ ያየውን ግን አልረሳውም።

ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ላቀልለት ብዬ አይደለም። ያንኑ ፊልም ያዩ ስንትና ስንት ልጆች ማንንም አልነኩም። ግን ሐኪም ከየት እንደመጣ ያላወቀውን በሽታ አያክምም።

«አንድ ቅዳሜ» አለች ባለታሪኬ፣ «ብርቱካን ይዤለት ሄድኩ። ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል ያኔ። እየላጥኩለት ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ 'ለምን ዝም እንዳለች ታውቂያለሽ?' አለኝ። ዝም አልኩት። 'ስለምትፈራኝ ነው። እኔ ደግሞ እንደምትፈራኝ አውቅ ነበር' አለ። እትዬ፣ ብርቱካኑን ልሰጠው ስል እጄ ተንቀጠቀጠ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልጥላው? አላወቅኩም። እስካሁንም አላውቅም።»

አሁን እኔ ስለራሴ ልናዘዝ። ይህችን ልጅ እስካገኛት ድረስ አቋሜ አንድ ነበር። በ13 ዓመቱ እንዲህ የሚያደርግ በ30 ዓመቱ ምን ሊሆን ነው? አይድንም፤ ተቆልፎበት ይቅር! ይህን ሐሳቤን ለአንድ ልጆችን በማማከር ሥራ ረጅም ዓመት ለቆዩ ሰው ብነግራቸው ሳቅ አሉና «እናንተ ጋዜጠኞች አዋቂውንና ልጁን በአንድ ድስት ነው የምትቀቅሉት» አሉኝ። ተናድጄ ማንበብ ጀመርኩ።

ያነበብኩት ነገር አስገረመኝ። ማይክል ካልድዌል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት 106 የጥናት መረጃዎችን ሰብስቦ፣ በወሲብ ጥፋት የተያዙ ከ33 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን ተከታትሏል። በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ተመሳሳይ ጥፋት ደግመው የተያዙት ከመቶ 5 አይሞሉም። አዎ፣ «የተያዙት» ነው የሚለው፤ ያልተያዘና ያልተነገረበት ሊኖር ይችላል። ያም ሆኖ እኔ በጭንቅላቴ ይዤው ከነበረው ቁጥር ጋር ሰማይና ምድር ነው። የታዳጊ አእምሮ ገና ያልረጋ ነገር ነው፤ ችኩል ነው፣ ነገ የሚመጣውን አያይም። ወደ ክፉ እንደሚታጠፍ ሁሉ ወደ ደግም ይታጠፋል።

ሌላም አለ። እዚያው አሜሪካ ከ5 እስከ 12 ዓመት በሆናቸው፣ በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ወሲባዊ ጠባይ ባሳዩ 135 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ልጆቹን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ እንዲሁ በጨዋታ ሲታከሙ፣ ግማሾቹ ደንቡን፣ የገላን ወሰን፣ ስሜትን መግታትን በግልጽ ተማሩ። ወላጆቻቸውም አብረው ተማሩ። 12 ጊዜ ብቻ! ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ ሲታተም፣ በግልጽ ከተማሩት ውስጥ በወሲብ ጥፋት የተገኙት ከመቶ 2፣ በጨዋታ ከታከሙት ውስጥ ግን ከመቶ 10 ሆነው ተገኙ። እነዚያ ከባለታሪኬ ወንድም በዕድሜ ያነሱ መሆናቸውን አልረሳሁም። «ወላጆቻቸውም አብረው» የምትለውን ግን ከሥሯ አሰመርኩባት።

«ታዲያ ልጁን አስገብቶ ማሳደር ምን ይጠቅማል? እቤቱ ሆኖ አይታከምም?» ብዬ ያንኑ ባለሙያ ጠየቅኳቸው።

«ብዙው ይታከማል» አሉኝ። «ተጎጂዋ በአንድ ጣሪያ ወይም በአንድ ግቢ ካለች ግን፣ ነገሩም ከተደጋገመ፣ የሚጠብቀውም ሰው ከሌለ፣ መለየት አለበት። መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእሱ። ሲለይ ደግሞ እንዴት እንደሚለይ ነው ነገሩ።»

እንዴት? ከነገሩኝ ያስታወስኩትን ልጻፍ። ልጁ ለብቻው የሚተኛበት አልጋ ይኑረው፤ ከትንንሾቹ ጋር በአንድ ክፍል አይደር። ማታ የሚዞር ተረኛ ይኑር፣ መብራት ይኑር። ምክሩ «ዳግመኛ እንዳታደርግ» የሚል ስብከት አይሁን። ልጁ ያደረገውን በራሱ አፍ ይጥራው። ከዚያ ቀን በፊት ምን እንዳሰበ፣ ለራሱ ምን ምክንያት እንደሰጠ፣ ማን እስኪወጣ እንደጠበቀ አንድ በአንድ ይቁጠረው፤ የቱ ጋ ማቆም ይችል እንደነበር ያግኘው። እሱ ራሱ የተጎዳበት ነገር ካለም ይታከም፤ ግን እሱን መሸሸጊያ አያድርገው። ይህ ሁሉ ወር ሳይሆን ዓመት ይፈጃል። ለዚህ ጥፋት ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ ደግሞ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም።

ችግር ያለባቸውን ልጆች በአንድ ላይ ማጎር ብቻውን ደግሞ ጦስ አለው። ቶማስ ዲሺየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ አጥፊ ታዳጊዎች በአንድ ላይ ሲሰበሰቡ እርስ በርስ እየተሳሳቁ፣ እየተደናነቁ ጥፋትን ይማማራሉ። እኛ ሰፈር «ሌባ ሆኖ ገብቶ ዘራፊ ሆኖ ወጣ» የምንለውን ፈረንጅ በጥናት አረጋገጠው ማለት ነው።

እንግዲህ የባለታሪኬ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ወንድሟ አሁን 15 ዓመቱ ነው። በመጪው ጥቅምት 2018 ሁለት ዓመቱ ይሞላል። እናቱ ቤቱን ቀለም አስቀብታለች። በግ ለመግዛት እቁብ ጠብቃለች። ሽማግሌዎቹንም ዳግም ጠርታ ልጁ በወጣ ዕለት ድንጋይ ተሸክሞ የልጅቷን እናት፣ ልጅቷንም ጭምር እግር ስሞ እርቅ እንዲወርድ ተነጋግራለች።

«እኔ ደግሞ እዚያ ግቢ መመለስ የለበትም እላለሁ» አለችኝ። «እማዬ 'አንቺ ነሽ ያሳሰርሽው፣ አሁን ደግሞ ከቤቱ ልታስወጪው ነው' ትለኛለች። እትዬ፣ ተሳሳትኩ? ወንድሜ የት ይግባ?»

በስልክም በካፌም የሚመለስ ጥያቄ አልመሰለኝም። «እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ቤታችሁ ልምጣ» አልኳት። እናትየዋ ሁለት ቀን አሰቡበትና እሺ አሉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጠባብ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ቀለም የሚሸት ቤት ነው። እናትየዋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ የደከሙ ሰው። ገና አንደኛውን ሲኒ ሳልጨርስ ጀመሩኝ።

«እርስዎስ እናት አይደሉም? ልጄን ከቤቱ ያስወጡብኛል? ሁለት ዓመት ተቀጣ እኮ! አይበቃም? ከንግዲህ ማን አለው?»

ምን ልበላቸው? «ቅጣት አይደለም፣ እርምጃ ነው» ብዬ የሕጉን አንቀጽ ልጥቀስላቸው? ቡናዬን ጠጣሁ። በሩ ክፍት ነበር። የግቢው ቧንቧ ከእነሱ በር ፊት ለፊት፣ ሰባት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከወዲያኛው ቤት ወጣች። 8 ዓመት ቢሆናት ነው። በቀጥታ ብትመጣ በእነሱ በር ታልፋለች። አልመጣችም። በማድቤቶቹ ጀርባ፣ ጭቃውን እየዘለለች ዞራ፣ በዚያ በኩል ቧንቧው ጋ ደረሰች። ሞልታ በዚያው በጀርባ ተመለሰች።

እናትየዋም አይተዋል። «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን አድርጊ ይላታል፣ በጭቃው!» አሉ።

ባለታሪኬ ጀበናውን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ነው የምትዞረው።»

ቤቱ ጭጭ አለ። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው በሩን ያያሉ። እኔም አልተናገርኩም። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ብዙ ቆየ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ እሱ ብቻ ማውራቴ ይታወቀኛል። ሁላችንም እንዲሁ ነን። እሱ አማካሪ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የሚወጣበት ቀን ተቆጥሮለታል። ልጅቷ አራት ጊዜ ምክር አግኝታ እናቷ ከሥራ መቅረት ስላቃታት ተቋርጧል። የእሷ የምትወጣበት ቀን በምን ይቆጠር? ባለታሪኬ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ አስፈቅዳ እሷው ልትወስዳት ከልጅቷ እናት ጋር ተነጋግራለች።

ለባለታሪኬ የመለስኩላት ይህን ነው። አልተሳሳትሽም። ልጁ ይወጣል፤ መውጣትም አለበት። የሚገባው ግን ሌላ ቤት ነው። ታናናሽ ልጆች የሌሉበት፣ እውነቱን የሚያውቅ አዋቂ ያለበት ቤት። ከተቋሙ ሳይወጣ ያ አዋቂ ሄዶ አማካሪውን ያግኝ። ትምህርት ቤቱ ከአሁኑ ይፈለግለት፤ ሥራ ፈትቶ የሚውል ልጅ ለማንም አይበጅ። ምክሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥል። ስልክ ይኑረው፣ ግን ማታ ማታ ሳሎን ይደር። ከትንሽ ልጅ ጋር ብቻውን አይቅር፤ ይህን ደንብ ሲነግሩት እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ይንገሩት። የሚከብደው ሐሳብ ሲመጣበት ለማን እንደሚናገር በስም ይወቅ። እርቁን በተመለከተ፣ ድንጋዩን ይተዉት። ይቅርታ መጠየቅ ቢፈልግ ደብዳቤ ጽፎ ለአማካሪው ይስጥ። ልጅቷ መስማት ስትፈልግ፣ ከፈለገች፣ ያኔ ትሰማዋለች። ሽማግሌና ሰፈርተኛ በተሰበሰበበት እግሯን እንዲስማት ማድረግ ግን ያንኑ በር እንደገና ማንኳኳት ነው።

«ቃሊቲ አክስት አለችን» አለች ባለታሪኬ። «ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ ብቻዋን ናት። ትወደዋለች። ግን…»

«ግን ምን?»

እናትየዋ መለሱልኝ። «ስልክ ሰርቆ ነው የታሰረው ብያት ነው።»

ያቺ ውሸት ከጥፋቱ ቀጥላ ከባዷ ናት። አክስቲቱ በሌባ ዓይን ከጠበቀችው ቦርሳዋን ትደብቃለች። የምትጠብቀውን ነገር ሳታውቅ የጎረቤት ሕፃን «እያት» ብላ ትታለት ገበያ ልትሄድ ትችላለች። እንዲያ ነው እኮ የተጀመረው። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። «በምን አፌ?» አሉ። ልጅቷ «እኔ እነግራታለሁ» አለች። እናትየዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ረቡዕ ማታ ስልኬ ጮኸ። ባለታሪኬ ናት። ከቃሊቲ እየተመለሱ ነው፤ እናቷ አብረዋት አሉ።

«ማን ነገራት?» አልኳት።

«እማዬ» አለች። «አክስቴ ብዙ ዝም አለች። አስወጥታ የምታባርረን መሰለኝ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀችው 'ልጅቷ እንዴት ናት?' ብላ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዘመድ አንድ ሰው እንደዚያ ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው፣ እትዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደግሞ 'የጎረቤቴ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ነው የሚውሉት፣ ካርቱን ያያሉ' አለች። ትንሽ አሰበችና 'እንግዲህ ቅዳሜ እኔ እነሱ ጋ እሄዳለኋ' አለች። ሰኞ አማካሪውን ልታነጋግር ትመጣለች።»